አሬንጀር፣ ሲንተሳይዘር ወይስ ላፕቶፕ? ለነገም የሚሆን ኪቦርድ አመራረጥ

ኪቦርድ ሊገዛ የተነሣን ሰው ዛሬ ግራ የሚያጋባው የምርጫው ብዛት ነው። አንዱ ጓደኛ “አሬንጀር (ከበሮና ቤዙን ራሱ የሚሞላ ኪቦርድ) ካልያዝክ ሰርግ አትሠራም” ይላል። ሌላው “በዚህ ዘመን ኪቦርድ የሚሸከም ማን አለ? ሚዲ ኪቦርድና ላፕቶፕ ይበቃሃል” ይላል። ዩቲዩብ ስትከፍቱ ደግሞ አንድ ፈረንጅ በሽቦ የተተበተበ አናሎግ ሲንተሳይዘር ሲያሽከረክር ታዩና ልባችሁ ይሸፍታል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ግን እያንዳንዱ የሚያወራው ስለ ራሱ ሥራ ነው።

እኔ አጥብቄ የምይዘው ሁለት ጥያቄ ነው። ዕቃው ቅኝታችንን ይችላል? ከአሥር ዓመት በኋላስ የሠራሁትን ሥራ ይዤ ልወጣበት እችላለሁ? የሳውንዱ ብዛት፣ የስክሪኑ ስፋት፣ የሞዴሉ አዲስነት ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መመዘኛው

*ቅኝት።* ይሄን ላስረዝመው፣ ምክንያቱም የውጭ አገር የዕቃ ግምገማዎች ውስጥ አታገኙትም። ማንኛውም ኪቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ አንዱን ኦክታቭ ለ12 እኩል ቦታ ከፍሎ ነው። በእያንዳንዱ ድምፅ መካከል 100 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ) አለ። አንቺሆዬን ከሲ ተነሥታችሁ ስትጫወቱ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ትነካላችሁ። ቁልፎቹ ትክክል ናቸው። ጆሮ ግን “ቀረኝ” ይላል። ክራር ደርዳሪውና ማሲንቆ መቺው በጆሮአቸው የሚያስተካክሉት ድምፅ ሁልጊዜ እኩል በተከፈለው ቦታ ላይ አይቀመጥምና ነው። አንዳንዱ ትንሽ ከፍ፣ አንዳንዱ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ሱቅ ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ የምትወዱትን የክራር ወይም የማሲንቆ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። ከቅጂው ጋር አብራችሁ ተጫወቱና የሚጣላውን ድምፅ ለዩት። ከዚያ ሻጩን “ስኬል ቱኒንግ የት ነው?” በሉት። ዕቃው ካለው ያንን አንድ ድምፅ ብቻ 10፣ 20፣ 30 ሴንት እያላችሁ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትገፉታላችሁ። እስኪገጥም ድረስ። ከሌለው የሚቀራችሁ ፒች ቤንድ (ድምፅን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትተው መቆጣጠሪያ) ነው። ፒች ቤንድ ደግሞ ሁሉንም ድምፅ አንድ ላይ ይጎትታል። በግራ እጅ የያዛችሁት ኮርድም አብሮ ይንሸራተታል፤ ዘፋኙም ዞር ብሎ ያያችኋል።

*ሥራን ይዞ መውጣት።* በ1983 የሮላንዱ ኢኩታሮ ካኬሃሺና የአሜሪካው ሲንተሳይዘር ሠሪ ዴቭ ስሚዝ የገፉበት ሚዲ ወጣ። የተለያየ ድርጅት ዕቃዎች በአንድ ቋንቋ መነጋገር ጀመሩ። በዚያው ዓመት የወጣ ያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘር ዛሬም ርካሽ የሆነ የሚዲ ዩኤስቢ ገመድ ቢያገኝ ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ይሠራል። ዕድሜ ያለው ዕቃ ማለት ይሄ ነው። ባንጻሩ መመዝገቢያ አካውንትና የስልክ አፕ ካልተከፈተ ሙሉ ሥራውን የማይሠራ ዕቃ አለ። ድርጅቱ አፑን ማደስ ያቆመ ቀን ከእጃችሁ ወጣ ማለት ነው።

*መብራት።* የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣም አንዳንዴ አብዝቶ ይመጣል። አዳፕተር የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ይሄ የመመለሻው ሰዓት ነው። የጄኔሬተርም እንዲሁ ይዋዥቃል።

ጥገና፣ ክብደትና ዋጋ የታወቁ ናቸው። በየአማራጩ ሥር እነካካቸዋለሁ።

አሬንጀር ኪቦርድ

የአገራችንን የሰርግና የምሽት ሥራ የተሸከመው እሱ ነው። ግራ እጅ ኮርድ ይይዛል፣ ዕቃው ከበሮውን፣ ቤዙንና ጊታሩን ይሞላል፣ ቀኝ እጅ ዜማውን ይጫወታል። አንድ ሰው ባንድ ሆኖ ይውላል። ባለ 6/8ቱ የቺክቺካ ስታይል (የተዘጋጀ አጃቢ ምት) ከተጫነበት ደግሞ እስክስታው ወዲያው ይጀመራል።

ቅኝት ላይ አሬንጀር ያልተጠበቀ ጥቅም አለው። ዐረቦች በመቃማቸው ውስጥ የሩብ ድምፅ ስለሚጠቀሙ ያማሃም፣ ኮርግም፣ ሮላንድም ለዚያ ገበያ የሚሆን ሞዴል ሠርተዋል። የያማሃ ፒኤስአር-ኤ ተከታታይ፣ የኮርግ ፒኤ ኦሪየንታል ሞዴሎችና የሮላንድ ኢ-ኤ7 ለምሳሌ እዚህ ውስጥ ናቸው። እነዚህ ላይ የ12ቱን ድምፆች ቅኝት ሜኑ ውስጥ ሳትቆፍሩ ከላይ ካለው ፓነል በቀጥታ መለወጥ ይቻላል። ከዱባይ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ካላችሁ ተራውን ሞዴል ሳይሆን ይሄኛውን በስም አስመጡ። በርካሾቹ አሬንጀሮች ላይ ግን ስኬል ቱኒንግ መኖሩ ሞዴል በሞዴል ይለያያል። የመመሪያ መጽሐፉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ስለሚገኝ ገንዘብ ሳትከፍሉ አንብቡት።

ሁለተኛው ነገር የራሳችንን ድምፅ ማስገባት ነው። መካከለኛና ከፍተኛ ደረጃ ያሉት የክራር፣ የዋሽንትና የከበሮ ሳምፕል (የተቀዳ ድምፅ) ይቀበላሉ። በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ርካሾች አይቀበሉም፣ ወይም በጣም ትንሽ ቦታ ነው ያላቸው።

ድክመቱ ከላይ ያነሣሁት ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። የያማሃ ስታይል ኮርግ ላይ በቀጥታ አይከፈትም። የኮርጉም ያማሃ ላይ አይከፈትም። መለወጫ ፕሮግራሞች ቢኖሩም ከበሮው ይዛባል፣ ሳውንዱ ይቀያየራል፣ እንደገና ቁጭ ብሎ ማስተካከል ይጠይቃል። ስለዚህ አሬንጀር ስትገዙ ከአንድ ቤት ጋር ትጋባላችሁ። አካባቢያችሁ ያሉ ተጫዋቾች የሚበዙበትን ብራንድ መያዝ ብልህነት ነው። ስታይል የሚለዋወጡት በፍላሽ ነውና፣ ብቻውን የቆመ ሰው ብዙ ይደክማል።

ዋጋ፦ ውጭ አገር ለጀማሪ የሚሆነው ከ250 እስከ 500 ዶላር፣ ሥራ የሚሠራበት መካከለኛው ከ1,000 እስከ 2,500 ዶላር ገደማ ነው። ከፍተኛዎቹ 4,000 ዶላርን ያልፋሉ። አዲስ አበባ ሲደርስ ቀረጡና ማጓጓዣው ይጨመርበትና አንዳንዱ አይቀመስም።

ሲንተሳይዘር

ሲንተሳይዘር የተዘጋጀ ባንድ አይሰጣችሁም። ድምፅን ከምንም ተነሥታችሁ የምትሠሩበት ነው። ሚኒሞግ በ1970 ሲወጣ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የሚያወጣው። በ1978 ፕሮፌት-5 አምስት ድምፅ በአንዴ ከማውጣቱም በላይ የሠራችሁትን ሳውንድ የሚያስቀምጥበት ማኅደር ይዞ መጣ። ዲኤክስ7 ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ ያገኘውን፣ አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው እያናወጠ አዲስ ድምፅ የሚፈጥረውን የኤፍኤም ዘዴ ይዞ 16 ድምፅ አወጣ። ዋጋው ያኔ 2,000 ዶላር አካባቢ ነበር።

ይሄ ታሪክ ከእኛ ሙዚቃ ጋር ይገናኛል። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ውስጥ ብቻውን ባወጣው ካሴት አኮርዲዮኑን ከሞግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ከዲኤክስ7 ጋር አዋሕዶ የቆዩ ዜማዎችን ተጫወተ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አገኘ። ድምፁ ያረጀ አይመስልም። አንድ ሰው ሦስት አራት ሳውንድ መርጦ እንደ ራሱ ቋንቋ ሲያውቃቸው የሚሆነው ይሄ ነው። ሺህ ሳውንድ ያለበት ዕቃ ገዝቶ ሃያውን ብቻ የሚያዞር ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ይሄን የማነሣው።

ከ2013 ወዲህ አናሎግ (ድምፁን በቁጥር ስሌት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሰርኪት የሚፈጥረው) ወደ ኪሳችን ወርዷል። የኮርግ ቮልካ ትንንሾቹ ሳጥኖች 150 ዶላር ገደማ ወጡ። በ2016 የወጣው ሚኒሎግ አራት ድምፅ አናሎግ በ500 ዶላር ይዞ መጣ። ለእኛ ግን የሚበልጠው ዜና ሌላ ነው። ኮርግ ሞኖሎግና ሚኒሎግ ኤክስዲ ላይ ማይክሮቱኒንግ አብሮ ተሠርቷል። የራሳችሁን ስኬል ታስገቡበታላችሁ። የባቲ አንዱን፣ የአንቺሆዬ ሌላውን አድርጋችሁ ልታስቀምጡ ትችላላችሁ።

አናሎግ ለቤዝ፣ ለሊድ (ለዋናው ዜማ) እና ለሰፊ ፓድ (ከኋላ ተዘርግቶ ለሚቆይ ድምፅ) ወደር የለውም። ፒያኖ፣ ስትሪንግና ከበሮ ከእሱ ከጠበቃችሁ ግን ታዝናላችሁ። ብቻችሁን ሰርግ አትሠሩበትም። ከባንድ ጋር ከሆናችሁ፣ ወይም ስቱዲዮ ውስጥ ድምፃችሁ ከሌላው እንዲለይ ከፈለጋችሁ ግን ያዋጣል።

ያገለገለ አሮጌ ሲንተሳይዘር ያጋጠማችሁ እንደሆነ የውስጥ ባትሪውን ጠይቁ። እንደ ዲኤክስ7 እና እንደ ኮርግ ኤም1 ያሉት ሳውንዳቸውን የሚይዙት በውስጥ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲሞት ማኅደሩ ይጠፋል። ዲኤክስ7 ላይ ባትሪው በብየዳ የተያያዘ ስለሆነ መበየጃ የሚይዝ ባለሙያ ያስፈልጋል። ከባድ ጥገና አይደለም፣ ግን ዋጋ ስትከራከሩ አስገቡት። ፍሎፒ የሚጠይቁት የ1990ዎቹ ዎርክስቴሽኖችም (ማቀናበሪያ አብሮ ያላቸው ኪቦርዶች) በፍሎፒው ቦታ ፍላሽ የሚቀበል መተኪያ ይገጠምላቸዋል።

ሚዲ ኪቦርድና ላፕቶፕ

እጅ አጠር ላለውና ማቀናበር ለሚፈልገው ከሁሉም የተሻለው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለ 25 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ 100 ዶላር ገደማ፣ ባለ 49 ወይም 61 ከ150 እስከ 300 ዶላር ነው። ራሱ ድምፅ የለውም። ድምፁ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ስለዚህ ላፕቶፕ የሌለው ሰው የዚያንም ዋጋ ይደምር።

እዚህ ላይ ስለ ክራክ (መቆለፊያው ተሰብሮ ያለ ክፍያ ስለሚሠራ ሶፍትዌር) ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ስቱዲዮ የሚሠራው በክራክ ነው። አታድርጉት የምለው ከሕጉም ባሻገር ነው። መድረክ ላይ ይዘጋል፣ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አሮጌውን ፕሮጀክት ስትከፍቱ ፕለጊኑ (በመቅጃው ውስጥ የሚጫነው የድምፅ ፕሮግራም) “የለሁም” ይላል። በነፃና በሕጋዊ መንገድ የሚገኙ ጠንካራ ሲንተሳይዘሮች አሉ። ሰርጅ ኤክስቲ፣ ቫይታል፣ የዲኤክስ7ን አሠራር የሚከተለው ዴክስድ። ሰርጅ ኤክስቲ የቅኝት ፋይል ይቀበላል። ያም ማለት የትዝታን፣ የአምባሰልን፣ የአንቺሆዬን ቅኝት አንዴ በጽሑፍ ፋይል ሠርታችሁ ለጓደኛ በቴሌግራም መላክ ትችላላችሁ። መቅጃው ሪፐር ለግለሰብ 60 ዶላር ነው። ማክ ካላችሁ ጋራዥባንድ ነፃ ነው።

የላፕቶፕ ትልቁ ጣጣ መዘግየት ነው። ቁልፉን ስትነኩ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ምክንያቱ ኮምፒውተሩ ድምፁን በጥቅል በጥቅል ስለሚያወጣ ነው። በ44,100 ኸርዝ ጥቅሉ 256 ሳምፕል (እዚህ ላይ የድምፅ ቅንጣት ማለት ነው) ከሆነ መዘግየቱ 6 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ጣታችሁ አያውቀውም። 1024 ከሆነ 23 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ ያኔ ቺክቺካ ስትጫወቱ ከከበሮው ወደ ኋላ ትቀራላችሁ። ዊንዶውስ ላይ አሲዮ ድራይቨር (መዘግየትን የሚቀንስ ፕሮግራም) ያለው ሳውንድ ካርድ ግዙ። ማክ ላይ ያለ እሱም ጥሩ ይሠራል።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ሚዲውም ከዩኤስቢው ይመገባል። ስፒከሩ ቢዘጋም የጀመራችሁት ቅጂ አይጠፋም። በኢትዮጵያ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መድረክ ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አፕዴት ልሥራ ብሎ የሚነሣ ላፕቶፕ ይዞ ሙሽራ ማስገባት ያስፈራል። ለመድረክ ከሆነ ኢንተርኔቱን ዝጉ፣ ሌላ ሥራ የማይሠራበት ላፕቶፕ መድቡ።

የቀሩት በአጭሩ

*ግሩቭቦክስና ሳምፕለር።* በጣት የሚመታ ፓድ እየመታችሁ ቢት የምትሠሩበት ሳጥን ነው። ለሂፕሆፕና ለኤሌክትሮኒክ ሥራ ደስ ይላል። ቅኝት ላይ ደካማ ነው። የቆየ ቅጂ ቆርጦ ለማስገባት ግን ፈጣን ነው።

*ስልክና ታብሌት።* ለመማር ይበቃል። አይፎንና አይፓድ ላይ ጋራዥባንድ ነፃ ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ መዘግየቱ ያስቸግራል።

*አዲሶቹ የስሜት ኪቦርዶች።* ስለ ነገ ስናወራ እኔን በጣም የሚያጓጓኝ ይሄ ክፍል ነው። ተራ ኪቦርድ ላይ ቁልፉን ከነካችሁት በኋላ በድምፁ ላይ የምታደርጉት ነገር ጥቂት ነው። በ2018 የጸደቀው ኤምፒኢ የሚባለው የሚዲ አሠራር ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን መስመር ይሰጣል። አንዱን ጣት ወደ ጎን ስታወዛውዙ ያ ድምፅ ብቻ ይንሸራተታል፣ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። የማሲንቆውን ስበትና የዋሽንቱን መንቀጥቀጥ አስቡት። ሊንስትሩመንት፣ ሲቦርድና ኦስሞስ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። የኦስሞስ ቁልፎች እንደ ፒያኖ ሆነው ግራ ቀኝ ይወዛወዛሉ፤ ዋጋው 1,800 ዶላር ገደማ ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ሚዲ 2.0 አለ። ከአሮጌው ሚዲ ጋር እየተግባባ ለእያንዳንዱ ድምፅ የተለየ ቅኝት ማስተላለፍ ይችላል። ገና ጥቂት ዕቃ ውስጥ ነው የገባው፤ እሱን ብላችሁ ግዢ አታዘግዩ።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስስ? የሚጠቅመው ነገር በላፕቶፕ ይመጣል። የዘፋኙን ድምፅ ከሙዚቃው የሚለዩ ፕሮግራሞች አሉ። የሙዚቃ ማዳመጫ ድርጅቱ ዲዘር በ2019 በነፃ የለቀቀው ስፕሊተር አንዱ ነው። የአሮጌ ካሴት ኪቦርድ መስመር ለማጥናት ግሩም ነው። ለዚህ ብሎ ውድ ኪቦርድ መግዛት ግን አያስፈልግም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ቅኝት ማስተካከል | ብቻን መድረክ ላይ | መብራት ሲሄድ | ሥራን ይዞ መውጣት | ዋጋ በውጭ ገበያ (ዶላር) |
|---|---|---|---|---|---|
| ርካሽ አሬንጀር | እንደ ሞዴሉ | ይቻላል | አንዳንዱ በባትሪ ይሠራል | ስታይሉ አይሻገርም | 250–500 |
| ኦሪየንታል ወይም መካከለኛ አሬንጀር | በጣም ጥሩ | እጅግ ጥሩ | ይቆማል | ሚዲ ፋይሉ ይሻገራል፣ ስታይሉ አይሻገርም | 1,000–2,500 |
| አናሎግ ሲንተሳይዘር | እንደ ሞዴሉ፤ ካለ በጣም ጥሩ | አይበቃም | አብዛኛው ይቆማል | ዕድሜው ረጅም ነው | ከ150 ጀምሮ |
| ሚዲና ላፕቶፕ | በጣም ጥሩ | ጥንቃቄ ይፈልጋል | ይቀጥላል | ፋይሉ በሙሉ የእናንተ ነው | 100–300 እና ላፕቶፑ |
| ግሩቭቦክስ | ደካማ | ለዲጄ ሥራ | አንዳንዱ በባትሪ | መካከለኛ | 200–1,000 |
| የኤምፒኢ ኪቦርድ | እጅግ ጥሩ | አይበቃም | እንደ ሞዴሉ | ጥሩ | እስከ 1,800 |

ለማን ምን?

*ለሰርግና ለምሽት ሥራ።* ኦሪየንታል አሬንጀር። አቅም ካነሰ አዲስ ርካሽ ከመግዛት ያገለገለ መካከለኛ ይሻላል። ርካሹ ሳምፕል ስለማይቀበል በዓመቱ ትሸጡታላችሁ።

*ለመዝሙር አገልግሎት።* ባንድ ካለ ጥሩ ፒያኖ፣ ስትሪንግና ፓድ ያለው፣ 61 ወይም 73 ቁልፍ ያለው የመድረክ ኪቦርድ በቂ ነው። ለስታይል ገንዘብ አታፍስሱ። ኪቦርዱ ብቻውን ከሆነ አሬንጀር።

*ለአቀናባሪ።* ሚዲ፣ ላፕቶፕና ሳውንድ ካርድ። ከዚያ የመጀመሪያው ገንዘብ ሲገኝ ማይክሮቱኒንግ ያለው አንድ ትንሽ ሲንተሳይዘር። ሌላ ዕቃ ከማብዛት ለእውነተኛ ክራር ተጫዋች ከፍሎ ሳምፕል መቅዳት ይበልጣል።

*ለልጅ ወይም ለጀማሪ።* ፒያኖ ትምህርት ቤት ከገባ ክብደት ያላቸው 88 ቁልፎች ያሉት ዲጂታል ፒያኖ። ካልሆነ ጣት ሲጠነክር ድምፁ የሚጠነክር ማንኛውም ባለ 61 ቁልፍ። ይሄ ባሕርይ የሌለው መጫወቻ ኪቦርድ እጅ ያበላሻል።

*ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ለሚልክ።* አዳፕተሩ ላይ “100-240” የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። 120 ብቻ ካለ አዲስ አበባ ላይ ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ይቃጠላል። ትልልቆቹ ኪቦርዶች የኃይል ማስገቢያው ውስጣቸው ስለሆነ ጀርባቸው ላይ አንብቡ።

ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት

ያገለገለ ከሆነ ቁልፎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ በአንድ፣ በጣም በቀስታ ንኩ። በቀስታ ነክታችሁት የሚጮህ ቁልፍ ካለ ከሥሩ ያለው የላስቲክ መገናኛ አቧራ ይዟል ወይም አልቋል። አቧራ ከሆነ ተፈትቶ በንጹሕ አልኮል ይጠረጋል፤ ካለቀ ላስቲኩ ይቀየራል፣ ያ ደግሞ የሞዴሉ መለዋወጫ መገኘቱን ይጠይቃል። የድምፅ መጨመሪያውን ስታዞሩ ከተንኮሻኮሸ ችግሩ ቀላል ነው። የፒች ቤንዱን ለቃችሁት ወደ መሀል በትክክል ካልተመለሰ ግን ሁሉም ሳውንድ ከቅኝት ይወጣልና ዋጋ አስቀንሱ። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና አንድ ሚዲ ፋይል ከፍታችሁ፣ አንድ ሳውንድ አስቀምጣችሁ፣ አጥፍታችሁ እንደገና አብሩት። ያስቀመጣችሁት ከጠፋ ባትሪው ወይም ማኅደሩ ሞቷል። በመጨረሻ አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን አረጋግጡ። ቮልቱ ልክ ሆኖ የመሰኪያው ፕላስና ማይነስ የተገለበጠበት አዳፕተር ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። የትኛው ወደ ውስጥ እንደሆነ የሚያሳየው ትንሹ ሥዕል ኪቦርዱም አዳፕተሩም ላይ አለ፤ ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው።